ለልጄ፣ ስለ ጽጌረዳው ጉዳይ

አራት ኪሎ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽን ጉልበት ብቻ ብርድ በገባ ቁጥር ያመዋል። ስልክ ላይ «እሺ እማዬ፣ እሺ» እያልሽ ስለምታቋርጪኝ ይህን በወንድምሽ እጅ ልኬልሻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፈው እሑድ አክስትሽ መጥታ፣ ለጓደኛሽ የጥር ሠርግ የጽጌረዳ ሽሮፕ ልታዘጋጂ እንደሆነና አበባውንም ከአበባ መሸጫ የተረፈውን በርካሽ እንደምትሰበስቢ ነገረችኝ። እሷስ በኩራት ነው የነገረችኝ፤ እኔን ግን ቡናው አልወርድልኝ አለ። የሱቅ አበባ አይበላም። ከዝዋይም ይምጣ ከሆለታ፣ ለዓይን የተመረተ ነው። ተባይ እንዳይነካው፣ ሻጋታ እንዳይዘው መድኃኒት ይረጫል። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ በተክሉ ውስጥ ገብቶ ስለሚዘዋወር «አጥቤዋለሁ» ማለት አያድንም። መቀቀልም አያድንም። የሰው ሙሽራ ይዘሽ ሆስፒታል ልትገቢ ነው?

በየአጥሩ ላይ ያየሽውን ሁሉም አትቅጠፊ። ያ እንደ መለከት ወደ ታች የተደፋው ትልቁ ነጭ አበባ የአስተናግር ዘመድ ነው፤ ሽታው ቢጣፍጥም መርዝ ነው፣ የበላውን ሰው ያሳብዳል።

ተቆጣሁ አይደል? ሙያሽን አልጠላሁም፣ የኔ ዓለም። እንዲያውም ይህ ነገር ካንቺ በፊት የእኔ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ሳለን ከአጥራችን ወዲያ ይኖሩ የነበሩትን አርመናዊት ማዳም ታውቂያቸዋለሽ፤ ስንቴ አውርቼልሻለሁ። ጠዋት ጤዛው ደረቅ ሲል፣ ፀሐዩ ሳይከር ወጥተው ጽጌረዳ ይለቅሙ ነበር። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን የአበባ ቅጠል ይገለብጡና ከሥሩ ያለችውን ነጭ ጫፍ በትንሽ መቀስ ይቆርጧታል። የምታመርረው እሷ ናት። እኔ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ቁርጥራጮቹን እሰበስባለሁ፤ የሕፃን ጥፍር ይመስሉ ነበር። ሲጨርሱ ሽሮፑን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው አንድ ብርጭቆ ይሰጡኛል። «ቅዳሜ ነይ፣ አሠራሩን ከመጀመሪያው አሳይሻለሁ» ብለውኝም ነበር።

ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤቶቻቸው ሄዱ። አባቴ ፈርቶ «ወደዚያ ግቢ ድርሽ እንዳትሉ» አለን። ሊሄዱ ሻንጣቸውን ያወጡ ቀን በአጥሩ በኩል በስሜ ጠሩኝ፤ ሁለት ጊዜ። እኔ ከውሃው በርሜል ኋላ ተደብቄ ዝም አልኩ። 12 ዓመቴ ነበር። አያትሽ ካረፈ በኋላ ሳስበው የማዝነው በእሱ አይደለም፣ በራሴ ነው። ደህና ይሁኑ ማለት አዋጅ አይከለክለውም ነበር።

ስዳር ከዚያ ግቢ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በወተት ቆርቆሮ ይዤ መጣሁ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ እናቲቱ ተክል ሄደች፤ የእኔዋ በረንዳችን ላይ አለች። መድኃኒት ነክቷት አያውቅም፣ ተባይ ሲወጣባት በሳሙና ውሃ ነው የማጥባት። ከእሷ ውሰጂ። የሱቁን ግን ተዪው፣ ነግሬሻለሁ።

እንግዲህ ስሚኝ። 50 ግራም ያህል የአበባ ቅጠል ለቅመሽ ነጩን ጫፍ ቁረጪ። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተሽ ካወረድሽ በኋላ አፍሽበትና ከድነሽ አሳድሪው። አበባውን ከውሃው ጋር አታፍዪው፣ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ጠዋት ስትከፍቺው ቅጠሉ ገርጥቶ፣ ውሃውም ደብዝዞ ታገኚዋለሽ፤ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው! በንጹሕ ሻሽ አጥለሽ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጊበት፤ ዓይንሽ እያየ ቀለሙ ወደ ደማቅ ሮዝ ይመለሳል። ይህን ባየሁ ቁጥር ዛሬም እደነግጣለሁ። ሎሚው ስኳሩም ተመልሶ እንዳይረጋ ይረዳል። ከዚያ ውሃውን መዝነሽ በክብደቱ ልክ ስኳር ጨምሪና እስኪሟሟ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አንተክትኪው። ስኳር ተወደደ ብለሽ እንዳትቀንሺ፤ የቀጠነ ሽሮፕ ቶሎ ይቦካል። አረፋ ካየሽበት ወደ ጠጅነት ሄዷልና ድፊው።

ጠርሙሶቹን ቀድመሽ ቀቅዪ፣ 20 ደቂቃ። መጽሐፉ 10 ይላል አትበዪኝ፤ መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲሞላ ፍሪጅ ይግባ፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ አታቆዪው። ስለዚህ ለጥር ሠርግ በኅዳር አይሠራም። የአሁኑ መለማመጃሽ ይሁን።

በእርግጥ የእኔዋ ጽጌረዳ ለ200 እንግዳ አትበቃም። ይህ ነው ወደ ሱቁ አበባ የሚገፋፋሽ፣ አውቃለሁ። ብዙውን በከርከዴ፣ በዚያ እንደ ሻይ በሚጠጣው ቀይ አበባ ሥሪው። ለአንድ ሊትር አንድ ኩባያ ደረቅ ከርከዴ ይበቃል፤ አሸዋ አያጣውምና ለቅለቅ አድርገሽ፣ ሁለቴ አጥልዪው። የጽጌረዳውን ለመዓዛ ብቻ በላዩ ጨምሪበት። በአንድ ብርጭቆ አምቦ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ ስታደርጊ ከለስላሳ ይሻላል። የጾም ኬክ ላይ የምታፈሺ ከሆነ ኬኩ ትኩስ፣ ሽሮፑ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ላቁጦ ነው የሚሆነው። ነገ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ በዚያው ሞክሪው።

ያንን ከአበባ መሸጫ የሰበሰብሽውን ዛሬውኑ ጣዪው። ሳሎንሽ ውስጥ ብታስቀምጪውም ደስ ይለኛል፤ ድስት ውስጥ ግን አይግባ።

ቅዳሜ በጠዋት ነይ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ድረሺ፤ አብረን እንለቅማለን። ትንሿን መቀስ ይዘሽ ነይ፣ አንቺ ቤት ናት። ባዶ ጠርሙሶቼንም መልሺ፣ ከነክዳናቸው። ባለፈው ሁለት ክዳን ጎድሎብኛል።

እናትሽ