ድሪቷ መስመር ጎደላት

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልድያ ያላችሁ፣ ከዚያም አልፋችሁ በየሀገሩ የተበተናችሁ የወሎ ልጆች፣ ሰላማችሁ ይብዛ።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በሰፈራችን የቅሬ፣ ማለትም የእድራችን፣ ዕቃ ቤት በር ብታልፉ ጩኸት ትሰማላችሁ። «ኧረ ስልኩን አዙሪው! ጣሪያውን ነው የምታሳይን!» «እትዬ፣ አውራ ጣትዎ ካሜራው ላይ ነው!» «ማነው ድምፁን የዘጋው?» ጠብ እንዳይመስላችሁ። በስልክ ቪዲዮ እየተያየን ድሪቶ እየሰፋን ነው።

አዎ፣ ድሪቶ። ስሙን ያልቀየርነው ሆን ብለን ነው። አንዳንድ ወዳጆቻችን «የጥበብ ብርድ ልብስ በሉት፣ ይሸጥላችኋል» ይሉናል። ድሪቶ ሲባል ድህነት ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ስድብም ሆኖ ያውቃል። እኛ ግን በደሴ ብርድ፣ ጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ በሚውልበት ክረምት፣ ከሥሩ ተኝተን ያደግነው ድሪቶ ነው። በሞቀን ነገር አናፍርም።

ለማታውቁት አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሰኞ ገበያና ከፒያሳ ልብስ ሰፊዎች እራፊ እንለቅማለን። የመስከረም እራፊ ሰማያዊና ቡና ዓይነት ይበዛዋል፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወር ነዋ። በዓል ሲቃረብ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ትርፍራፊ፣ የሸሚዝ ብጣሽ፣ አልፎ አልፎም የሚያብረቀርቅ የሰርግ ጨርቅ ይመጣል። እራፊው ታጥቦ፣ በካውያ ተተኩሶ፣ በካርቶን ልክ ይቆረጣል። ላዩ እራፊ፣ መሀሉ ባዘቶ፣ ገበሩ አቡጀዴ። ጥጡን የሚነድፉልን እናት ዛሬም በደጋን ነው የሚነድፉት፤ ሲነድፉ ቤቱ ጉም የገባበት ይመስላል፣ እኛም ፀጉራችን ነጭ ሆኖ ነው ወደየቤታችን የምንሄደው። ከዚያ ሦስቱ ተደራርበው በመርፌ ይሰፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ዳሩ ይዘመዘማል። አንዷ ድሪቶ ከአምስት ቅዳሜ በታች አትወስድም። ስታልቅ ወይ ለሰፈር አራስ፣ ወይ ሐይቅ አካባቢ ለተጠለሉ ተፈናቃይ ወገኖች ትሄዳለች። ከአራቱ አንዷን እንሸጣለን፤ ለክርና ለመርፌ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጨርቅ ነው። የመጣሁት ግን ጨርቅ ልለምን አይደለም። ጨርቅ ሞልቶናል፤ ሰፊዎቹ አላህ ይስጣቸው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ነው የሚያቀብሉን። የጎደለን መስመር ነው፤ የስልክና የኢንተርኔት።

ስንጀምር አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን፣ ሁላችንም የአንድ ቅሬ አባላት። በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አሥራ አንድ ሴት እንዴት ብላ አራት ትሁን? በየቤታችን መስፋት ጀመርን። የአንዷ ልጅ ኢሞ የሚባለውን የቪዲዮ መደወያ ስልኳ ላይ ጫነላትና አንድ ቅዳሜ አምስት ሆነን ተያየን። ያን ቀን የተሰፋ ነገር የለም። ስንስቅ መሸ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ጥቅምት ደሴ ስትያዝ ግማሾቻችን በእግርም በመኪናም ወጣን፤ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባ። ስልክም መብራትም አልነበረም። ማን የት እንደወደቀ የተፈላለግነው ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ነው። ከወጡት አራቱ አዲስ አበባ ቀሩ፤ ሥራም ትዳርም እዚያው ያዛቸው። ሁለት ልጆቻችን ዓረብ ሀገር ሄዱ። የወሎ ነገር ታውቁታላችሁ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ባሕር ማዶ ነው። ማኅበሩ እንዲህ ተበትኖ ይጠፋል ስንል፣ ጭራሽ ሰፋ። ዛሬ ሠላሳ አንድ ነን። አሥራ ሰባቱ ደሴ፣ አምስቱ ኮምቦልቻና ሐይቅ፣ አራቱ አዲስ አበባ፣ ሦስቱ ጅዳና ሪያድ፣ ሁለቱ አሜሪካ።

ዙም በሚባለው የቪዲዮ መሰብሰቢያም ሞክረን ነበር። በነጻ የሚሰጠው 40 ደቂቃ ነው። 40 ደቂቃ እኮ ለወሎ ሴት ሰላምታ እንኳ አይበቃም! የከብቱን፣ የልጁን፣ የጎረቤቱን ደኅንነት ጠይቀን ሳንጨርስ ጥርቅም ይላል። አቦሉ ሳይወርድ። አሁን በቴሌግራም ነን። ሰዓቱም ለሁሉም ይሆናል፤ ጅዳና ደሴ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ሚኒያፖሊስ ያለችው እህታችን ደግሞ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ፎጣዋን እንደተከናነበች ትገባለች። ቡናው እዚህ ይፈላል፤ እነሱም እዚያ የየራሳቸውን ያፈላሉ። መጀመሪያ ዱዓ ይደረጋል፤ ሙስሊሟም አሚን፣ ክርስቲያኗም አሜን ትላለች። ከዚያ መርፌ ይወጣል።

ሩቅ ያሉት ምን ይሠራሉ ትሉ ይሆናል። አዲስ አበባ ያሉት እዚያው ይቆርጡና በአውቶቡስ በሰው ይልካሉ። ዓረብ ሀገር ያሉት ጊዜ ሲያገኙ ነው የሚገቡት፣ ብዙውን ጊዜ ማዕድ ቤት ሆነው፣ በአንድ ጆሮ ብቻ እያዳመጡ። እነሱ ቀለም ይመርጣሉ። ይሄ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! እራፊውን ወለሉ ላይ ደርድረን ስልኩን ከላይ እንይዛለን፤ «ያቺን አረንጓዴ ወደ ጥግ አድርጓት፣ ከቀዩ ጋር ተጣልታለች» ይሉናል። አንድ ቅዳሜ የጅዳዋ ልጅ ድንገት ዝም አለች። ኔትወርኩ የቆመ መስሎን ስልኩን አራገፍነው።

«እታለም፣ ትሰሚናለሽ?»

«ያቺ አበባ ያላት… ሦስተኛዋ… የሳሎናችን መጋረጃ አይደለችም?»

እህቷ አንገቷን ደፋች።

«መጋረጃውን ማን አባቱ ቀደደው! በስንት መከራ የላክሁትን!»

«አይጥ በላው። የተረፈውን ነው» አለች እህቷ። እውነት አይጥ ይሁን፣ መቀስ ይሁን እስከዛሬ አልተጣራም። ብቻ ሁለቱ ከዚያ በፊት ለአምስት ወር ተኳርፈው ነበር። ያን ቀን በመጋረጃ ሲጨቃጨቁ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ፤ እኛም ጣልቃ ሳንገባ ዳሩን ዘመዘምን።

የሚኒያፖሊሷ ደግሞ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። እነሱ ሀገር ይህን ነገር ኩዊልት ይሉታል፤ እሱም እንደኛው ሦስት ድርብ ነው። አላባማ ውስጥ ጂዝ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች አለችን። የዚያ ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፉት ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል። በፈረንጆቹ 2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር ላይ አትሞታል። ፎቶውንም አሳየችን፣ ያምራል። ጥጥ ነዳፊዋ እናታችን ግን ተመለከቱና «ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ማን ይሞቀዋል?» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም።

አሁን ወደ ችግራችን ልግባ።

እዚህ ወሎ ካለነው ሃያ ሁለት ሴቶች ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ ያለን ዘጠኝ ብቻ ነን። ሌሎቹ በልጅ፣ በልጅ ልጅ ስልክ ነው የሚገቡት። ልጅ ደግሞ ያገባል፣ ይማራል፣ ይሄዳል፤ ስልኩም አብሮ ይሄዳል። ሸዋ በር በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት አሉን። እግራቸውን ታመው ከቤት አይወጡም። ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርገው የሚቆርጡ እሳቸው ብቻ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ስልኳን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የላቸውም። ጨርቁን ልጅ ያመላልስልናል፤ ጨዋታውን ግን ማን ያመላልሰው? ባለፈው ልጠይቃቸው ብሄድ ቆርጠው የጨረሱትን ልክ በልክ ደርድረው ጠበቁኝና «ማን ምን አለች?» አሉኝ። ቡና ሳይጠጡ፣ መጀመሪያ ያሉኝ ይሄን ነው። የሦስት ቅዳሜ ወሬ አንድ በአንድ አስተረኩኝ።

መብራትም አለ፤ ማለቴ የለም። ስብሰባው መሀል ይጠፋል፣ ዋይፋዩም አብሮ። ዋይፋይ ስል የራሳችን እንዳይመስላችሁ፣ የጎረቤት ሱቅ ነው፤ ባለሱቁ ደግ ሰው ሆኖ የይለፍ ቃሉን ሰጥቶናል። ሲዘጋ ግን እኛም እንዘጋለን። በ2015 ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይስ? ያኔ በተራ ስልክ እየደወልን አንዷ የሰማችውን ለሌላዋ ታደርስ ነበር። ቀለም በወሬ መምረጥ ምን እንደሚመስል ሞክሩት እስኪ። «ሰማያዊ» ሲባል አንዷ የሰማይ፣ አንዷ የዩኒፎርም ሰማያዊ ነው የሚታያት። የዚያን ጊዜዋ ድሪቶ እንደ ሕፃን ሥዕል ሆና ወጣች። አልሸጥናትም። ትራሳችን ናት።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ ይሄ ነው። ስድስት ስልክ፣ ውድ ያልሆነ፣ ቪዲዮ የሚያሳይ፤ 78,000 ብር ገምተናል። ለዕቃ ቤቱ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየን ባትሪ ከነኢንቨርተሩ 48,000። የራሳችን የዋይፋይ መስመር፣ ከማስገቢያውና ከአንድ ዓመት ክፍያው ጋር 18,000። ለሦስት ጆሯቸው ለደከመ እናቶች ማዳመጫ፣ ለአምስት ደግሞ የቅርብ ማያ መነጽር 11,000። ድምሩ 155,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 37,000ውን እኛው ከወርሃዊ መዋጮና ከሸጥናቸው ድሪቶዎች አጠራቅመናል። የቀረን 118,000 ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን የአንዷ ልጅ አሮጌውን እሰጣለሁ ብሏል። ሚስቱ እስክትስማማ እየጠበቅን ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፣ ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት። ባለፈው ዓመት አዋጥተን ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ስልክ ገዝተን ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ባትሪው እንደ አምባሻ አበጠ። ልንመልስ ብንሄድ ባለሱቁ «ሴቶች፣ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣችሁት ነው» አለን። ዋስትና የሚል ወረቀት አልነበረንምና ዝም ብለን ወጣን። (ረከቦቱ አጠገብ የነበረውስ እውነት ነው።) ዘንድሮ የሚገዛው አዲስ፣ ከነደረሰኙና ከነዋስትናው ነው። ገዥዎቹም ሁለት አባላትና ስልክ የሚጠግን አንድ የሰፈር ልጅ ናቸው። ስልኮቹ የማኅበሩ ንብረት ሆነው ተመዝግበው በውሰት ነው የሚሰጡት፤ አባል ብትለይ ወደ ማኅበሩ ይመለሳሉ።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ነው። ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲዞር ቁጥሩን ቀይሮ በራሱ ስም የሚለቅ አይጠፋም። ከእኛ አንዷን የማያውቅ የደሴ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ለምታውቋት ደውሉና ከአፏ ተቀበሉ። በቴሌብርም ይሆናል፣ እሱንም እሷ ትነግራችኋለች። ውጭ ያላችሁ በጅዳና በአሜሪካ ባሉት እህቶቻችን በኩል ስጡ። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ የገባውና የወጣው በስብሰባው ላይ ይነበባል፤ የሰጠ ሁሉ መግባትና ማድመጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ከገባችሁ ቀለም እናስመርጣችኋለን።

ብር የሌላችሁም አትሸማቀቁ። የሚሠራ፣ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ስልክ ካላችሁ እሱም ይበቃናል። ዘመዳችሁ ከዓረብ ሀገር ስትመጣ አንድ መነጽር ሻንጣዋ ውስጥ ብትጥል ምን ይከብዳታል? ስልክ አጠቃቀም የሚያስተምሩ ሁለት ትዕግስተኛ ወጣቶችም እንፈልጋለን። ትዕግስተኛ የሚለውን አስምሩበት። አንዷ እናታችን ስልኩን ለመዝጋት ሁልጊዜ ባትሪውን ካልነቀልኩ ይላሉ፤ የዛሬ ስልክ ባትሪው እንደማይነቀል ለማስረዳት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብናል።

ለጥር መጀመሪያ ሁሉም ተገዝቶ እንዲያልቅ ነው ሐሳባችን። አሁን በእጃችን ያለችው ድሪቶ ለአንዲት አራስ ናት፤ ልጇ ከመወለዱ በፊት መድረስ ነበረባት፣ ቀድሞን ተወለደ። መሀሏ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷል፣ ልኩ አንድ መዳፍ ተኩል። የሪያዷ ቢጫ ይሁን ትላለች። የኮምቦልቻዎቹ ቢጫ ከተደረገ አንሰፋም ብለዋል። የሸዋ በሯ እናት ምን እንደሚሉ አልታወቀም፤ ቁርጡን ይዤ ቤታቸው ልሄድ ነው።