ለልጄ፦ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የመኪናሽን ኢንሹራንስ አስተካክዪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እንኳን ሥራው ቀናሽ። እዚህ እንግሊዝ፣ ሊድስ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድሽ ልትንከባከቢ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ያልወደድኩት አንድ ነገር ቢኖር ስለ ኢንሹራንሱ ስጠይቅሽ «ኮምፕሪሄንሲቭ ነው፣ ሁሉን ይሸፍናል» ያልሽኝን ነው። ኮምፕሪሄንሲቭ የሚነግርሽ አደጋ ሲደርስ ምን ምን እንደሚከፈል ነው፤ የሌላው ሰው ጉዳት ብቻ ነው፣ ስርቆትና ቃጠሎም ይጨመራል፣ ወይስ ያንቺም መኪና ይጠገናል የሚለውን። መኪናውን ለምን ጉዳይ እንደምትነጂው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የኛ ሰው ሙሉ ኢንሹራንስ እየከፈለ «ኢንሹራንስ የለህም» ተብሎ የሚቀጣው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳያይ ነው።

መልሱ ያለው የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱ ላይ ነው። ዋጋውን የያዘውን ወረቀት ተዪውና ሰርተፍኬቱን አውጪ፤ «ሊሚቴሽንስ አዝ ቱ ዩዝ»፣ የአጠቃቀም ገደብ ማለት ነው፣ የሚል ክፍል አለው። እዚያ «ሶሻል፣ ዶሜስቲክ ኤንድ ፕሌዠር» ብቻ ከተጻፈ ለገበያ፣ ለዘመድ ጥየቃና ለመዝናኛ ነው፤ ወደ ሥራ መሄድ እንኳ አይገባበትም። «ኮምዩቲንግ» ከተጨመረ ከቤትሽ ወደ አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ መሄድና መመለስ ይፈቀዳል። አንድ ቋሚ የሚለውን ልብ በይ። አንቺ ጠዋት አንዷ እናት ቤት፣ ከዚያ ሌላ ቤት፣ ከሰዓት ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ ነሽ። ያ ኮምዩቲንግ አይደለም፤ ቢዝነስ ዩዝ፣ ማለትም ለሥራ መንዳት ነው፣ የሚያስፈልግሽም «ክላስ 1» የሚባለው ነው። አሠሪ ድርጅትሽ የነዳጅ ሰጠሽ አልሰጠሽ ለውጥ የለውም። ክላስ 2 ብዙውን ጊዜ ፖሊሲሽ (የኢንሹራንስ ውልሽ) ላይ የተመዘገበ ሌላ ሹፌርም ለሥራ እንዲነዳ ሲፈለግ ነው፤ ክላስ 3 እየዞሩ ዕቃ ለሚሸጡ ሰዎች ነው። ሁለቱም አንቺን አይመለከቱም።

ድርጅቱ የሰርተፍኬትሽን ኮፒ ስለተቀበለሽ ብቻ ተስተካክሏል ብለሽ እንዳታስቢ። ኮፒውን ፋይል ውስጥ የሚያስገባው ሰው ያቺን መስመር ላያነብ ይችላል፤ ተጠያቂዋ ነጂዋ አንቺ ነሽ። ድርጅቱ የራሱ ኢንሹራንስ ቢኖረውም የሚሸፍነው የእንክብካቤ ሥራውን እንጂ መንገድ ላይ ያለ መኪናሽን አይደለም። «ለአሠሪዬ ስሠራ ነው፣ አላወቅሁም» የሚለው መከላከያ ሕጉ ላይ አለ፤ የሚሠራው ግን መኪናው የአሠሪው ሲሆን ነው። ያንቺ መኪና ያንቺ ነው።

ሽፋንሽ ከሚፈቅደው ውጭ ከነዳሽ ኢንሹራንስ እንደሌለሽ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚሰጥ ከሆነ 300 ፓውንድና መንጃ ፈቃድሽ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ ነው። ፍርድ ቤት ከደረሰ የገንዘቡ መጠን ጣሪያ የለውም፤ ከመንዳት መታገድም ሊመጣ ይችላል። ላንቺ የሚከብደው ገንዘቡ አይደለም። እንዳንቺ የመንዳት ፈተና ካለፉ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች 6 ነጥብ ከደረሱ ዲቪኤልኤ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) መንጃ ፈቃዱን ይሰርዛል። የሚታየው ጥፋቱ የተፈጸመበት ቀን ነው፤ ጉዳዩ ተጓትቶ ሁለት ዓመቱ ቢያልፍም አያድንሽም። ከዚያ በኋላ ፕሮቪዥናል (የለማጅ ፈቃድ) አውጥተሽ፣ ቲዎሪውንም የመንገድ ፈተናውንም እንደ አዲስ ነው። እስክታልፊ ድረስ የለማጅ ምልክቷን «ኤል» ለጥፈሽ፣ አጠገብሽ ፈቃድ ያለው ሰው አስቀምጠሽ ብቻ ነው የምትነጂው፤ እንዲህ ሆኖ በሰዓት ከቤት ቤት መድረስ አይታሰብም። ጥፋቱ «አይኤን 10» በሚል ኮድ ለ4 ዓመት መዝገብሽ ላይ ይቆያል፤ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለፉትን 5 ዓመታት ስለሚጠይቁ ዋጋው ተከትሎሽ ይሄዳል።

«ማን ያውቃል?» እንዳትዪ። ኢትዮጵያ የሦስተኛ ወገን ስቲከር መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ ትራፊኩም እሱን ያያል። እዚህ ካሜራው ታርጋሽን አንብቦ ከኢንሹራንስ ዳታቤዙ ጋር ያመሳክራል። አንቺ ፖሊሲ ስላለሽ ካሜራው ዝም ሊልሽ ይችላል፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋውም ይህ ነው። ነገር ግን ፖሊስ በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ የኋላ መብራት ስለጠፋ፣ አስቁሞሽ ዩኒፎርምሽንና ባጅሽን ሲያይ «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሥራ ላይ ነኝ» ካልሽ፣ ሽፋንሽ ለምን እንደሆነ ኢንሹራንስሽን በስልክ ማጣራት ይችላል። የሞተር ኢንሹረርስ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የራስሽን ታርጋ በነጻ ማየት ትችያለሽ፤ እሱ የሚነግርሽ ግን መኪናው ፖሊሲ እንዳለው እንጂ ለምን ሥራ እንደተፈቀደ አይደለም።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለ። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ለተጎዳው ሰው ይከፍልና ዞሮ ከአንቺ ሊጠይቅ ይችላል። ያንቺን መኪና አይጠግንም።

እንግዲህ ለኢንሹራንስሽ ደውዪ፤ ብትችዪ በቻት ወይም በኢሜይል አድርጊው፣ ጽሑፍ ይቀራልና። «ቢዝነስ ይጨመርልኝ» ብቻ አትበይ፤ ሥራሽን ግለጪ። «የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ ነኝ፣ በቀን ብዙ ደንበኞች ቤት በራሴ መኪና እሄዳለሁ» በይ። ደንበኛን ሐኪም ቤት ወይም ሱቅ የምታደርሺ ከሆነ እሱንም ተናገሪ፤ አንዳንዱ ድርጅት ሰው ማመላለሱን ለይቶ ያየዋል። እዚያው ሳለሽ የሥራ ስምሽን ከተማሪነት አስቀይሪ። የዓመት ማይልሽንም ከፍ አድርጊ፤ ቤት ለቤት ሲዞሩ ማይሉ ሳይታወቅ ይከማቻል። መኪናው የሚያድርበት አድራሻም የሊድሱ ይሁን፣ የኛ የለንደኑ ቤት አይደለም። ዋጋው ይቀንሳል ብለሽ አባትሽን ዋና ነጂ አድርጎ መመዝገብ ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ «ፍሮንቲንግ» ይሉታል፣ ፖሊሲውንም ያፈርሰዋል።

የክላስ 1 ጭማሪ ብዙ ጊዜ ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ በዓመቱ መሀል ስለሆነ ግን የማስተካከያ ክፍያ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። አዲሱ ሰርተፍኬት ሲመጣ ያቺን መስመር አንብቢና የሚጀምርበትን ቀንና ሰዓት እዪ። ስልክሽ ላይም አስቀምጪው። «አንሠራም» ካሉሽ ሌላ ፈልጊ፤ አዲሱ ሳይጀምር አሮጌውን አትሰርዢ። የወሩ ክፍያ ከባንክ ሳይነሳ ቀርቶ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ራሱ እንዳይሰርዝሽም ተጠንቀቂ፣ የተሰረዘበት ሰው በኋላ ሁሉም ቦታ ይጠየቃልና።

መኪናሽን ስለማዋስም ልንገርሽ፤ ዘመድ «ቁልፉን አቀብዪኝ» ሲል እምቢ ማለት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው መኪና መፍቀድ ራሱ ጥፋት ነው፤ ነጥቡም ያው 6 ነው። «የራሴ ኢንሹራንስ የሰው መኪና ያስነዳኛል» የሚል ካለ ሰርተፍኬቱን ያሳይሽ። ያ መብት ለወጣት ነጂ ብዙ ጊዜ አይሰጥም፣ ለተጨማሪ ነጂም አይሆንም። ከኢትዮጵያ አዲስ ለመጣ ሰው ደግሞ የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ እዚህ መኖር ከጀመረ 12 ወር ድረስ ብቻ ያስነዳዋል። ከዚያ በኋላ ፈቃዱም ኢንሹራንሱም አብረው ይወድቃሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዎችን ቤታቸው አድርሰሽ ነዳጅ ብትጋሩ፣ ትርፍ እስከሌለበት ድረስ ችግር የለውም። እንግዳ ከኤርፖርት በክፍያ ማምጣት ግን ታክሲ መሥራት ነው፤ ክላስ 1 አይሸፍነውም፣ ፈቃድም ይጠይቃል። ወንድምሽ ማታ ማታ በመኪናው ምግብ ማድረስ አስቧል አሉ። ያ «ሃየር ኤንድ ሪዋርድ» የሚባል ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ነው። በሰዓት የሚገዛም አለ፤ መጀመሪያ ግን ዋናው ኢንሹራንሱ መፍቀዱን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ አለዚያ ሁለቱንም ያጣል። ይህን ደብዳቤ አስነብቢው።

ምናልባት ከማስተካከልሽ በፊት ፖሊስ ቢያስቆምሽ አትዋሺ፣ አትሟገቺ። መኪናውን እዚያው መውሰድ ይችላሉ። ለማስመለስ የማንሻና የየቀኑ ማቆያ ይከፈላል፤ የሚሰጡሽን ወረቀት ቀነ ገደብ አታሳልፊ፣ ካለፈ መኪናውን ሊሸጡት ወይም ሊጨፈልቁት ይችላሉ። ተራ ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ ከፖሊስ ግቢ መኪና ለማውጣት አይሆንም፤ ለዚያ ተብሎ የሚሸጥ ሌላ አለ።

የ300 ፓውንዱ ወረቀት ከመጣ ለመላቀቅ ብለሽ ወዲያው አትክፈዪ። ከከፈልሽ 6 ነጥቡን ተቀበልሽ ማለት ነው፣ ፈቃድሽም ይሰረዛል። ለመወሰን 28 ቀን አለሽ። «አላወቅሁም» ማለት አያድንም። ነገር ግን ኢንሹራንሱ ወይም ደላላው ራሱ «ይሸፍንሻል» ብሎ አሳስቶሽ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ነጥቡን ሊተው የሚችልበት «ስፔሻል ሪዝንስ» የሚባል መንገድ አለ። ያን የሚያስረዳው የተጻጻፋችሁት ነውና ቻቱንም ኢሜይሉንም አታጥፊ። ጠበቃ ሳታማክሪ ምንም አትፈርሚ።

አዲሱ ሰርተፍኬት ሲደርስሽ ፎቶውን ላኪልኝ፤ እኔም አነበዋለሁ።

እናትሽ