ድንቡሼን አትላጪው

ልጄ፣

ትናንት የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ጥቁሩ ኮትሽ ከውሻሽ ከድንቡሼ በረገፈ ፀጉር ነጭ በነጭ ሆኗል። ያስደነገጠኝ ግን ከሥሩ የጻፍሽው ነው። «እማዬ፣ ቅዳሜ በቶንዶስ ሙልጭ አድርጌ ላስላጨው ነው። እሱም ይቀለዋል፣ እኔም እገላገላለሁ» ብለሻል። እባክሽ እናቴ፣ ከቅዳሜ በፊት ይህን አንብቢልኝ።

ድንቡሼ ፖሜራኒያን የሚባል የትንሽ ውሻ ዝርያ ነው። የዚህ ዝርያ ፀጉር ድርብ ነው። ከላይ ረጅምና ጠንከር ያለው አለ። ከሥሩ ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ። ሁለቱ ተጋግዘው ከብርድም ከፀሐይም ይከልሉታል። ብትላጪው መርገፉ አይቆምም፤ የሚረግፈው ያጥራል እንጂ። አጭሩ ደግሞ ጨርቅ ውስጥ ስለሚሰካ ለማንሳት ይብሳል። ከሁሉም የከፋው፣ ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ አንዴ ከተላጨ ፀጉሩ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ላይመለስ ይችላል። ሲመለስም ቦታ እየዘለለ ሊበቅል ይችላል።

ይህን በቤቴ አይቼዋለሁ። አንቺ ሳትወለጂ አንድ ትንሽ ውሻ ነበረኝ። ሙቀቱ የበረታበት መስሎኝ አስላጨሁት። ጀርባው ላይ ዓመቱን ሙሉ እንደተራቆተ ቀረ። ፀሐይ ላይ ሲተኛ ቆዳው ይቀላ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የጓደኛሽ ውሻ፣ ሺ ትዙ የሚባለው ዝርያ፣ ፀጉሩ በየጊዜው ይቆረጣል ብለሻል። ልክ ነሽ፣ ግን የእሱ ፀጉር ሌላ ነው። የሺ ትዙ፣ የማልቲዝና የዮርክሻየር ቴሪየር ፀጉር እንደ ሰው ፀጉር ለረጅም ጊዜ ያድጋል፤ የሚረግፈውም ጥቂት ነው። ካልተቆረጠ ይቋጠራል። ስለዚህ እሷ ለውሻዋ የምታደርገው ለአንቺ ውሻ አይሆንም።

ደግሞ ዕድሜውን አስቢው። አምስት ወሩ ነው። ፖሜራኒያኖች ከአራት እስከ ስድስት ወር አካባቢ የቡችላነት ፀጉራቸውን ይጥላሉ። በዚያ ሰሞን ፊታቸው ይሳሳል፣ እግራቸው ቀጭን ይመስላል፣ ያ ሁሉ ድንቡሽቡሽነት ይጠፋል። ብዙ ሰው ታመመብኝ ብሎ ይጨነቃል። የትልቅነቱ ፀጉር ቀስ እያለ ነው የሚተካው። ከዚያ በኋላም ይረግፋል፤ ፀጉር ያድጋል፣ ያርፋል፣ ይወድቃል። የቀኑ መርዘምና ማጠር ያንን ዑደት ይነካዋል። ቤት ውስጥ በመብራት የሚውል ውሻ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሊያረግፍ ይችላል።

እንግዲህ የሚረግፈውን ሶፋው ላይ ከመድረሱ በፊት በእጅሽ ያዢው። ማበጠር ማለት ይኸው ነው። በዚህ ሰሞን በየቀኑ አሥር ደቂቃ ስጪው። ጭንሽ ላይ በጎኑ አስተኚው። ደረቅ ፀጉር ስለሚሰበር ውሃ በስሱ ርጪበት። ከዚያ ፀጉሩን በጣትሽ ክፈይና ቆዳው እስኪታይሽ ግለጪ። ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ ባለው ብሩሽ ከሥር ወደ ጫፍ፣ መስመር በመስመር ሂጂ። እጅሽ አይክበድ፤ ሽቦው ቆዳ ይፍቃል። ብዙዎች የላዩን ብቻ እየዳበሱ አበጠርን ይላሉ፤ ከሥር ግን ተቋጥሮ ይቀራል። ለማረጋገጥ በመጨረሻ የብረት ሚዶ አሳልፊበት። ሚዶው ከያዘሽ አልጨረስሽም።

ከጆሮው ጀርባ፣ ብብቱን፣ ጭኑ መሀልና የአንገት ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ አትለፊ። ቋጠሮ የሚወልደው እዚያ ነው። ስታገኚ ሥሩን በሁለት ጣት ያዢ፣ ቆዳው እንዳይጎተት። ከጫፉ ጀምረሽ በትዕግሥት ፍቺው። መቀስ ግን አታስጠጊ። ቆዳው ቋጠሮው ውስጥ ተስቦ ስለሚገባ ፀጉር የቆረጥሽ መስሎሽ ሥጋ ትቆርጫለሽ። አልፈታ ካለሽ ለሙያተኛ ተዪው። እምቢ ካለም አትታገዪው። የሚወደውን ነገር ቁራሽ እየሰጠሽ ሁለት ደቂቃም ብትሠሪ ይበቃል፤ ነገ ትቀጥያለሽ።

ገላውን በወር አንዴ ገደማ ብታጥቢው በቂ ነው። መጀመሪያ አበጥሪው፣ ውሃ ቋጠሮን ያጠብቃልና። የአንቺን ሻምፖ አትጠቀሚ። የእኛ ቆዳ ከውሻ ቆዳ ይልቅ አሲዳማ ነው፤ ለእኛ የተሠራው እሱን ሊያደርቀውና ሊያሳክከው ይችላል። በደንብ አለቅልቂው። ከዚያ እስከ ሥሩ አድርቂው፤ የውስጡ ፀጉር እርጥብ ከዋለ ቆዳው ይቆጣል፣ ይሸታልም። ማድረቂያውን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ራቅ አድርገሽ ያዢው። ለፀጉር ጥሩ ነው ተብሎ የሚወራለትን የቲ ትሪ ዘይት ደግሞ አትቀቢው፤ ውሻን ይመርዛል፣ ትንሽ ውሻን በተለይ።

ሶፋው ላይ ላለው የጎማ ጓንት ትንሽ አርጥበሽ ጥረጊው። ፀጉሩ ተጠቅልሎ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ቸል እንዳትዪ። ቦታ ቦታ መላጣ ካየሽ፣ አብዝቶ ካሳከከው፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ከሸተተ፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪው። ክብ መላጣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አንቺም ይተላለፋል። ሚዶው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ካገኘሽ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊው። ቡናማ ቀይ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው።

የቅዳሜውን ቀጠሮ ሰርዢው፣ እሺ ልጄ? በዚያው ሰዓት በቪዲዮ ደውዪልኝ። ብሩሽና የብረት ሚዶ ይዘሽ ጠብቂኝ። ከጆሮው ጀርባ እንጀምራለን።

እናትሽ