ሊጡን ብዙ አታማስለው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እህትህ ሁሉንም ነገረችኝ። እንዳትቆጣት፤ አስጨንቄ ነው ያናገርኳት። ቁርስ መብላት ትተሃል አሉ። ማታ ከሥራ ስትገባም ብስኩት በሻይ ቀማምሰህ ትተኛለህ አሉ። እኔ ስደውል ግን «በልቻለሁ እማዬ» ነው የምትለኝ።

ዛሬ አልቆጣህም። የሙዝ ዳቦ አሠራር ልጻፍልህ። በእረፍት ቀንህ ከጋገርከው ለሦስት አራት ቀን ቁርስ ይሆንሃል። እርሾ የለው፣ ማሸት የለው፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ የለው።

የጠቆረ ሙዝ እንደምትጥልም ሰምቻለሁ። ልጄ፣ እሱ እኮ ነው የሚፈለገው! ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ገና ቢጫ ሆኖ ጠንከር ያለው ጣዕም አይሰጥህም። 3 ትልልቅ የጠቆሩ ሙዞች በሹካ ደፍጥጥ። 2 እንቁላል፣ 150 ግራም ስኳርና ግማሽ ኩባያ ዘይት ጨምረህ ምታው። በሌላ ሳህን 250 ግራም ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አደባልቅ። የሶዳው ማንኪያ ልክ ይሁን እንጂ አይከመር፤ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል።

አሁን ደረቁን እርጥቡ ላይ ገልብጥ። ልብ በል፣ ብዙ አታማስለው። ነጩ ዱቄት እንደጠፋ አቁም። ትንሽ ጓል ጓል ቢል ግድ የለም። ዱቄት እርጥብ ሆኖ በተማሰለ ቁጥር ሊጡን የሚያያይዘው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ይጠነክርና ዳቦው ጎማ ይሆናል። አውቅሃለሁ፣ የጀመርከውን እስኪደክምህ ካልሠራህ አትለቅም። እዚህ ላይ ግን ልቀቅ።

በዚህ እንኳ አባትህን ነህ። አንተ ሳትወለድ ለሥራ ርቆ ብቻውን ይኖር ነበር። በየደብዳቤው «በደንብ እየበላሁ ነው» ይለኛል። እኔም አምኜ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ ሳልነግረው ሄድኩበት። ማዕድ ቤቱ ውስጥ አንድ ብርጭቆና አንድ ማንኪያ ብቻ ነበር። ድስት እንኳ የለውም። ቀበቶው ሰፍቶት በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶለታል። ለምን ዋሸኸኝ ስለው «እንዳትጨነቂ ብዬ» አለኝ። ጨጓራው ያኔ እንደጀመረው አልተወውም፤ የመጨረሻውን ዓመት አንተም አይተኸዋል። ያን ጊዜ ደጋግሜ በጠየቅሁት ኖሮ እላለሁ፣ እስከ ዛሬ። ስለዚህ ስነዘንዝህ አትሰልችብኝ የኔ ጌታ።

ኦቨኑን ረሳሁት። ሊጡን ከመቀላቀልህ በፊት 175 ዲግሪ ላይ አሙቀው። ሶዳው እርጥብ እንደነካው ሥራ ይጀምራል፤ ሊጡን ካቆየኸው አየሩ ይወጣና ዳቦው አይነሳም። የመጋገሪያውን ዕቃ ዘይት ቀባው፣ ሊጡን ገልብጥና ወዲያው አስገባ። ጥሬ እንቁላልና ጥሬ ዱቄት ያሳምማሉና ሊጡን እንዳትቀምስ። በሩን በየደቂቃው አትክፈት፣ መሀሉ ይወድቃል። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርግበት። ከ50 ደቂቃ በኋላ መሀሉን በስቴኪኒ ውጋው። ሊጥ ይዞ ከወጣ ጥቂት ደቂቃ ጨምርለት። ሲበስል 10 ደቂቃ በዕቃው ይቆይ፣ ከዚያ አውጥተህ አቀዝቅዘው። በትኩሱ ከቆረጥከው ይፈራርሳል። የሚተርፍህን ቆራርጠህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ፤ ጠዋት አንዱን አሙቀህ ሳትበላ ከቤት አትውጣ።

ስትጋግር ፎቶ ላክልኝ። ከቆረጥከው በኋላ ይሁን፣ ውስጡን ማየት እፈልጋለሁ። ረጃጅም ቀዳዳ ካየሁበት ብዙ እንዳማሰልከው አውቃለሁ።

እናትህ