የሬጌ ቤታችን ጣሪያ ሄዷል፤ ክረምቱ ሳይበረታ ድረሱልን

ውድ የድሬ ልጆች፣ ከተማ ያላችሁም ርቃችሁ የሄዳችሁም፦

ያ ከባድ ነፋስ የቤታችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጣለው። ከነፋሱ የተረፈውን ዝናቡ ጨረሰው። እኛ መለመን ሰልችቶናል፤ እናንተም መስማቱ እንደሰለቻችሁ እናውቃለን። ግን አቦ፣ ሐምሌ ደርሷል። የሟቹ ወዳጃችን የሬጌ ካሴቶች ያሉት በላስቲክ ተሸፍነው ነው።

እሱን ለማያውቁት ልጆች ብቻ ባጭሩ እንበል። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲመጣ ሌላው ሰው ልብስና ሽቶ ሲያማርጥ እሱ ካሴት ነበር የሚፈልገው። አንዱን ዘፈን ሲያሰማ መሀል ላይ ያቆምና በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ያብራራል። ጃንሆይ መስከረም 1956 ተባበሩት መንግሥታት ላይ ያደረጉት ንግግር ከዓመታት በኋላ የቦብ ማርሌይ ዘፈን መሆኑን አብዛኞቻችን የሰማነው ከሱ ነው። "ሬጌ ጃማይካ ዞሮ ዞሮ ኤጀርሳ ጎሮ ይገባል" ይል ነበር፤ ጃንሆይ የተወለዱት እዚሁ ሐረርጌ ነው ለማለት። ጥር 29 ቀን 1997 የቦብ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር አዲስ አበባ ወርዶ በትንሽ ቴፕ ቀድቶት መጣ። ከዘፈኑ ይልቅ የሕዝቡ ጩኸትና የሱ ሳቅ ይሰማል። ያ ካሴት ዝናቡ ካራሳቸው አንዱ ነው።

የራሰውን ካሴት "ፀሐይ ላይ አስጡት" ያላችሁን እናመሰግናለን፤ ግን አይሆንም። የድሬ ፀሐይ ክሩን ያጣምመዋል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ከዚያ ቶሎ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለበት። ለዚህ ደግሞ ጣሪያ ያለው ክፍል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሐሜቱ። "ጣሪያ ሳይሠሩ ስፒከር ገዙ" ተብለናል። ስፒከሩን አልገዛንም፤ ውጭ አገር ያለ ጓደኛው የላከው ነው። ከእናንተ የተሰበሰበው ግድግዳውን አስለሰነ፣ ምስጥ የበላውን መደርደሪያ በብረት ቀየረ፣ አሮጌውን ቴፕ አሳደሰ። ደረሰኙ ሁሉ አለ፤ መጥታችሁ እዩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እዚያ ጊታርና ድራም ይማራሉ። እሱ በባዶ ጀሪካን ያስተማረንን ነው የምናስተምራቸው፤ የመጀመሪያዋን ምት ዝለል፣ ሦስተኛዋ ላይ አሳርፍ።

ሬጌ ሲባል ጭስ ብቻ የሚታያቸውም አሉ። ቤቱ ውስጥ አይጨስም፤ ጫትም አይገባም። ለድሬ ሰው ይሄ ቀላል መሥዋዕትነት አለመሆኑን ፈጣሪ ያውቃል። ለነገሩ ዩኔስኮም ሬጌን በ2011 ዓ.ም. የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ነው ዱርዬነት የሚሆነው።

የሚያስፈልገን ቆርቆሮ፣ የጣሪያ እንጨት፣ ሚስማርና የአናጺ ዋጋ ነው። ብር የሌለው ቆርቆሮ ያምጣ፤ ቆርቆሮ የሌለው ጉልበቱን። ባለፈው ሙት ዓመቱ ክርስቲያኑ ጸበል ጻዲቅ፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ብሎ አንድ ትሪ ላይ ነው የበላነው። ዘንድሮ ድግስ አንደግስም፤ ለዚያ የምታስቡትን ለጣሪያው አድርጉት። ምጽዋትም በሉት ሰደቃ፣ ለሱ ነፍስ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ታትሟል፤ ቤቱ በር ላይም ተለጥፏል። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አንድ ብር አይወጣም። ስታስገቡ ምክንያቱ ላይ "ለጣሪያ" ብላችሁ ጻፉ፤ ስሊፑን ለገንዘብ ያዣችን አሳዩና ደረሰኝ ተቀበሉ።

ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ስም ባለው ሒሳብ ብቻ። በግል ስልክ ቴሌብር ላኩ የሚላችሁ ሰው ካለ እኛ አይደለንም። አናጺው ቀብድ እየጠበቀ ነው፤ የፊታችን እሑድ ከሰዓት ቤቱ ግቢ ስብሰባ አለን፤ መቀመጫ ስለሌለ ዱካ ይዛችሁ ኑ።

ኮሚቴው
ድሬዳዋ