ገንዘቡ የእኔ፣ ጥያቄው ለልጁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደብረ ብርሃን የታሪክ መምህር ነኝ፤ ዓይነ ስውር ነኝ። ደመወዜን ላወጣ ባንክ ስሄድ የጎረቤቴ ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ አብሮኝ ነበር። ገንዘብ ከፋዩ መታወቂያዬን ተቀብሎ ልጁን «ስንት ነው የሚፈልጉት?» አለው። እኔ መለስኩ። አሁንም ለልጁ «ቁጠርላቸው» አለው። (ድምፄ የኋላ ወንበር የተኛውን ይቀሰቅሳል፤ ተማሪዎቼ ይመስክሩ።) ለሚቀጥለውም ምስክር ይዤ እንድመጣ ታዘዝኩ።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 12፣ የገንዘባችንን ጉዳይ ራሳችን የመቆጣጠር እኩል መብት እንዳለን ይደነግጋል። ሥራ አስኪያጁ ግን «ለእርስዎው ደኅንነት ነው» አሉኝ። ደኅንነቴን ለሕፃን አስረክበው! ቅጹን አንብቡልኝ፤ የምፈርምበትን መስመር በማስመሪያ ጠርዝ አሳዩኝ። ሌላውን ለእኔ ተዉት።

መምህሩ፣ ከደብረ ብርሃን