ለልጅህ ጥያቄ የዘገየ መልስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህና ለመላው ቤተሰብህ እንደምን ሰንብታችኋል እያልሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብረ ማርቆስም እንደምታውቃት ናት፤ ዘንድሮ ክረምቱ በርትቶ፣ ጮቄ ከጉሙ ራሱን ሳያወጣ ሰኔና ሐምሌ አለፉ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ዓመት ሆኖታል። መልስ ያዘገየሁበትን ምክንያት በመንገድ መዘጋትና በኔትወርክ መቋረጥ ላመካኝ እችል ነበር፤ እርሱም ቢሆን ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እኔና አንተ በሰበብ መነጋገር አልለመድንምና እውነቱን ልንገርህ፤ ከደብዳቤህ ውስጥ አንዲት ቃል እንደ እሾህ ተሰክታብኝ ነው። አስቤ ልመልስ ብዬ አቆየሁት፤ ሐሳቡ ሲረዝም ጊዜው ረዘመ፤ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ እፍረት ተጨመረበት።

«ልጄ ስለ ቅርሷ ጽፈሽ አምጪ ተብላ ከትምህርት ቤት ታዛለችና፣ የዘራችንን ቁጥር ከእናቴ ጠይቀህ እስከ ሰባት ቤት ጻፍልኝ» ነበር ያልኸኝ። በማግስቱ እማሆይ ዘንድ ሄድሁ። ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን በግራ እጃቸው እንደያዙ፣ በአባትህ በኩል ሰባቱን፣ በራሳቸው በኩል ደግሞ ዘጠኙን አንድም ሳይደናቀፉ ቆጠሩልኝ። እኔም ጻፍሁ። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ሳነበው ግን የስም ሰልፍ ብቻ ሆነብኝ፤ ይህንን «ቅርስሽ ነው» ብዬ ለአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለመላክ እጄ አልታዘዝልህ አለኝ።

እናቶቻችን «እገሌ ቅርስ ይዟል» ሲሉ፣ ከዕለት ጉርሱ ቆጥቦ ለነገ ያስቀመጠ ሰው ማለታቸው ነበር። ቅርስ እንግዲህ የተረፈና የተጠበቀ ነገር ነው፤ ያስቀመጠው አለ፣ የሚረከበው አለ። ዛሬ ጋዜጠኛውም የቢሮው ሰውም «ዳራ» የሚለው ግን ሌላ ነው፤ የትም ብትሄድ ከኋላህ የቆመ፣ ማንም ያልሰጠህ፣ አንተም ያልተቀበልኸው ነገር ነው። ልጅህ በምትማርበት ቋንቋም ቢሆን ነገሩ ተለይቷል። ሄሪቴጅ የሚሉት ቃል ሥሩ ላቲን ሆኖ «ወራሽ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ባክግራውንድ የሚሉት ደግሞ ከቴአትር መድረክና ከሥዕል የመጣ፣ ከዋናው ምስል ጀርባ ያለውን ስፍራ የሚጠራ ነው። በልጅነታችን በደብሩ ግድግዳ ላይ እያየን የምንደነግጥለትን የጊዮርጊስን ሥዕል አስበው። ከፈረሱ ኋላ የተቀባውን ቢጫ የተሳለመው ሰው አላየሁም፤ ያ ቢጫ ባይኖር ግን ነጩ ፈረስ ባልታየ ነበር።

በእኛ አገር ሁለቱ የተደበላለቁት ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በጎጃም ዘር መቁጠር ማለት መሬት መጠየቅ ማለት ነበር። ሰው ከአቅኚው አባት ጋር የሚያገናኘውን ሐረግ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ ቆጥሮ ካስረዳ በዚያ አባት ስም ከሚጠራው ርስት ድርሻዬን ማለት ይችል ነበር፤ የቁጥሩ መርዘም መብቱን አያስቀረውም፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» መባሉም ለዚህ ነው። የኋላ ታሪክህ ማስረጃህ ነው፣ ማስረጃህም እንጀራህ ነው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብሩ ምክንያት የጎጃም ገበሬ ጠመንጃ ያነሣው፣ ከገንዘቡ ይልቅ መሬቴ ተለክቶ ርስትነቱ ሊቀር ነው የሚለው ሥጋት አስጨንቆት እንደነበር ከአባቶቻችን አንደበት ሰምተነዋል።

አባቴ አራት ጥማድ ለምትሆን መሬት አሥራ አንድ ዓመት ተሟግቷል። የክርክሩ ወረቀት ያለበት የእንጨት ሣጥን ዛሬም ከአልጋዬ ሥር አለ፤ ስትከፍተው የጢስና የአይጥ ሽታ ይወጣል፤ ከላይ የተቀመጠው ወረቀት የዘር ቁጥሩ ነው፤ በዳርቻው ላይ የሦስት ምስክሮች የጣት አሻራ እንደ ደረቀ ቅጠል ጠቁሮ ይታያል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ሣጥኑ በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ። በአዋጁ መሬት ላገኘ ጭሰኛ የደስታ ቀን ነበር፤ ይህንን አልክድም። እኔ የምልህ ሌላ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቁጥሩ ቀረ፣ ቁጥሩ የሚያስረዳለት ነገር ግን ጠፋ። ለጋብቻ ሰባት ቤት ከመለየት በቀር ዘራችን ከውርስነት ወጥቶ ዳራ ብቻ ሆነ። አንደበታችን ግን እስከ ዛሬ አልሰማም፤ አንተም ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ሆነህ ቅርስ ሲሉህ ዘር ቆጠራ ትዝ ያለህ ስለዚህ ይመስለኛል።

(በነገራችን ላይ «ወረሰ» የሚለው ግሳችንም ጉድ ነው። ልጅ አባቱን ይወርሳል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ መንግሥትም ትርፍ ቤት ወረሰ። ሰጪ ያለበትንም የሌለበትንም በአንድ አፍ እንጠራዋለን።)

በጥብቅና ስሠራ በኖርሁበት ዘመን ልዩነቱን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየኝ የውርስ ሕጉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወራሽ ውርሱን አልቀበልም የማለት መብት ሰጥቶታል። ዳራዬን አልቀበልም ለሚል ሰው ግን አቤቱታ የሚያቀርብበት ችሎት የለም። በአገራችን ደም እንኳ ይወረስ ነበር፤ የአባቱን ገዳይ ሳይበቀል የቀረ ልጅ እንደ ወንድ አይቆጠርም ነበር። ከወንዛችን ማዶ የነበረውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ፤ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ካሣውን ተቀብሎ ሲታረቅ ሰው ሁሉ ፈሪ ብሎ አማው። አባቱ መገደሉ ዳራው ነው፤ ሊፍቀው አይችልም። ደሙን ግን አልወርስም አለ። ያኔ እኔም ከአሚዎቹ ጋር ነበርሁና ስሙ በተነሣ ቁጥር ዛሬም እፍረት ይሰማኛል።

ባለፈው ዓመት ለጉዳይ ወደ እነብሴ ሄጄ መርጡለ ማርያምን ተሳለምሁ። በቅጥሩ ውስጥ ንግሥት እሌኒ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አለ፤ አበባና ሐረግ የተቀረጸበት ድንጋይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ኖሮ ዛሬም ጠርዙ በጣት ይዳሰሳል። እሌኒ የሐድያ ገራድ፣ ማለትም የሐድያ ገዥ፣ ልጅ ነበሩ፤ የተወለዱት በእስላም ቤት ነው። በዘር ቆጠራ ቢሆን ከጎጃም ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ክር የለም። ጎጃም ግን ቅርሴ ብሎ ለእንግዳ ከሚያሳየው ነገር አንዱ የእርሳቸው ድንጋይ ነው። እዚያ ቆሜ ነው ለአንተ መጻፍ እንዳለብኝ የገባኝ።

የዚህ ተገላቢጦሽ ደግሞ ያሳፍራል። ባሕር ዳር ላይ እንግዳ ሲመጣ የደንገል ታንኳ ቅርሳችን ነው እንላለን፤ ታንኳውን አስሮ ለሚሠራው ለወይጦ ሰው ግን ከአንድ ገበታ መቅረብን ስንነፍገው ኖረናል። አያቶቻችን ያረሱበትን ማረሻ የቀጠቀጠውን ባለሙያ ቡዳ ስንል፣ ሴት ልጁን ለጋብቻ ስንጠየፍ፣ ማረሻውን ግን ስናጥብ አላደርንም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጅ ከሚዳሰሰው ቅርስ ሌላ የማይዳሰሰውንም ቅርስ ብሎ ይጠራል፤ ጥሩ ነው። የእጁን ሥራ ለእኛ ወርሰን ዳራውን ለእርሱ ስድብ አድርገን ስንመልስለት የኖርነውን ግን አዋጅ አያስታርቀውም።

ወደ ልጅህ ልመለስ። እርስዋ የተወለደችው በረዶ በሚጥልበት ከተማ፣ በባቡር ተጉዛ በምትማርበት፣ አባቷ ሌሊት ሠርቶ ቀን በሚተኛበት ቤት ነው። ዳራዋ ይህ ነው፤ ይህንን ከእኔም ከእናትህም ይልቅ እርስዋ ታውቀዋለች፤ ጎጃሜነትን ዳራዋ ለማድረግ ብትታገል አትችልም፣ ልጅቱንም ታደክማታለህ። መውረስ ግን ትችላለች፤ የሚሰጣት ካለና እርስዋም እሺ ካለች።

እማሆይ ከመነኮሱ በኋላ የቤታቸውን ዕቃ ሲያካፍሉ መሶባቸውን እኔ ዘንድ አኑረውታል፤ አንተ ሁልጊዜ የምትደገፍበትን፣ ከታች ቆዳ የለበሰውን። አሁን የቆዳው ስፌት በአንድ በኩል ለቅቋል። ባለፈው ሳምንት ለማስጠገን ሳገላብጠው፣ ከክዳኑ በታች ሐምራዊውና ቀዩ አለላ ተራውን ጠብቆ ሲሄድ ሄዶ፣ በአንድ ዙር ላይ ሁለት ቀይ ተከታትሎ አየሁ። ወስጄ አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳስሰው ሳቁና፣ «እሱማ የልጄ ነው፤ ምጥ የያዘኝ እዚያ ላይ ስደርስ ነው፤ ተነሥቼ ስመለስ ቁጥሩ ጠፋኝ» አሉኝ። ያ ልጅ አንተ ነህ። ልፈታው ብለው እንደነበር፣ ነገር ግን አክርማው እንዳያጥር ፈርተው መተዋቸውንም ነገሩኝ።

ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን ገና አልሳተም። ስንደዶውን እንዴት እንደሚያሰናዱ፣ አለላው እንዴት እንደሚነከር በስልክ ቢሆንም እያሳየሁ አስተምራታለሁ ይላሉ፤ አንተ መሀል ቆመህ ማስተርጎም ሊኖርብህ ነው። የስሞቹን ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርጌልሃለሁ፤ ለትምህርት ቤቱ ቢዘገይም ይቀመጥ። ልጅቱን ግን ራሷን ጠይቅልኝ፤ እንቢ ካለች አትቆጣት፣ መብቷ ነው። እሺ ካለች ወስፌውን አስቀድሜ እልክላታለሁ፤ መሶቡ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

አክባሪ ወንድምህ
ከደብረ ማርቆስ